ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን አላነሳም

ውድ እማዬ፣

ከተለያየን ስንት ጊዜ ሆነ ብትዪኝ ሦስት ዓይነት መልስ ነው ያለኝ። ሮቤ መናኸሪያ ጥግ ቆመሽ እጅሽን ካወዛወዝሽልኝ ስድስት ዓመት ሆነ። ካረፍሽ ሁለት ዓመት ተኩል። እኔ ማረፍሽን ካወቅሁ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ሌላው ሰው አልቅሶልሽ፣ ተዝካርሽን አውጥቶ፣ ጥቁሩን አውልቆ ወደ ሥራው ተመልሷል። ወደኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬ የዘገየ ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ፤ እኔ ዘንድ ገና ትናንት የሞትሽ ነሽ።

አባዬ እሑድ ዕለት አረፈ። ከቅዳሴ መልስ ያቺን ከአሮጌ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር ፈትቶ ያመጣትን መቀመጫውን ግድግዳው ሥር፣ ፀሐዩ ላይ አስወጣኝና ተቀመጠ። ሻይ ላመጣለት ገባሁ። ስወጣ ቆቡ ጉልበቱ ላይ ወድቋል፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ያንቀላፋ መስሎኝ ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁት። ልቡ እንደደከመ ጎባ ያየው ሐኪም ከነገረን ቆይቷል፤ እሱም ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ቀድሞ ማወቅ ሐዘኑን የሚያቀልል መስሎኝ ነበር፤ አያቀልልም። ከጎንሽ ነው ያሳረፍነው።

አሁን የምጽፍልሽ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ድንኳኑ ትናንት ተነሣ፤ ግቢው ውስጥ የካስማዎቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ነገ ዓርብ ነው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሿ ልጅሽ ትዕግሥት ከዮርዳኖስ፣ ከአማን ከተማ ትደውላለች። አዎ፣ እኔ ወደነበርኩበት አገር ሄዳለች፤ እንዴት እንደሄደች እነግርሻለሁ። በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ስልኳን እመቤቷ ትሰጣታለች። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባዬን አገናኚኝ» ነው የምትለው።

በሠልስቱ ዕለት የእድሩ ሰዎችና እህትሽ እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለው መከሩ። እኔ ውኃ እያቀረብኩ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ለልጅቷ አይነገራትም ተባለ። በሰው አገር፣ ከባዕድ ቤት፣ የሚያቅፋት ሰው በሌለበት ምን ትሁን አሉ። ስትመጣ ሰው ተሰብስቦ በወጉ ትረዳለች። እስከዚያው «አባትሽ ጆሮው ከብዶታል፣ ስልክ አይሰማም» በያት አለችኝ እትዬ ዘነበች። የሷ ብልሃት እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ላንቺ ጉሮሮ ነበር፣ ለአባዬ ጆሮ ሆነ። ቢያንስ አንድ አካል ቀይራለች።

እንዳትቆጪኝ፤ አንቺው ነሽ ምላሴን ስለት ብለሽ ስም ያወጣሽለት። ግን ያንን የጉሮሮ ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። አማን እያለሁ አንድ ቀን ድምፅሽ ቀረ። ትዕግሥት በጽሑፍ፣ እማዬ ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ተዘግቷል፣ ሐኪም እንዳትናገር ከልክሏታል፣ አንቺ ግን ድምፅሽን ላኪላት፣ ትሰማሻለች አለችኝ። እኔ ሞኟ አመንኩ። ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ድምፅ ስልክልሽ ኖርኩ። ዛሬ ምን እንዳበሰልኩ፣ በረዶ እንደጣለ፣ አማን እንደ ጎባ ብርድ እንዳለው፣ አረብ አገር ሙቀት ነው እያልሽ እየሳቅሽ የሠራሽልኝ ቡናማ ሹራብ ከቤቱ ማሞቂያ እንደሚሻል ነገርኩሽ። ጉሮሮሽን በማር አለስልሺው ብዬም መከርኩሽ። አንቺ ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ነበርሽ።

የምጠብቃትን ሴትዮ ነግሬሽ ነበር፤ ሁሉም ሐጃ ይላት ነበር፣ እኔም ሐጃ እላታለሁ። አራት ልጆች ወልዳለች። አንዱ ካናዳ ነው፣ አንዷ ጀርመን፣ ሁለቱ ዱባይ። ሰባት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። በነሱም ዘንድ እናትን ለሌላ ሰው መተው ነውር ነው፤ ጎረቤቶቿ እንደኛ ሰዎች ያማሉ። ግን ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲበተን፣ ምራቲቱም ቢሮ ስትውል ነውሩን የሚሸከም ሰው ጠፋ። ስለዚህ እኔ ተቀጠርኩ። እነሱ እናታቸውን ለእኔ ተዉ፣ እኔ እናቴን ለትዕግሥት ተውኩ። ሐጃን ሳጥብ፣ ጀርባዋን በዘይት ሳሽላት፣ አሁን ትዕግሥትም ያንቺን ጀርባ እያሸች ነው ብዬ እጽናና ነበር። ለካ የሚታሽ ጀርባ አልነበረም።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልናገር። በመጨረሻው ዓመት የሐጃ ልጆች ለበዓል መጡ። ሳሎኑን ዘግተው ሲነጋገሩ ዋሉ። በማግስቱ ትልቁ ልጅ ልብሷን በሻንጣ እንዳዘጋጅ ነገረኝ፤ አረጋውያን ወደሚጦሩበት ቤት ሊያስገቧት ነው። እሷ ግን ሐኪም ዘንድ ነው ተባለች። መኪና ውስጥ እጅጌዬን ይዛ መቼ እንመለሳለን ብላ ጠየቀችኝ። ልጆቿን አልጠየቀችም፤ እኔን ነው የጠየቀችኝ። እኔም «ቡክራ» አልኳት፣ ነገ ማለት ነው። ብርድ ስለማትችል ያንቺን ሹራብ አልብሻት ነበር፤ እሱን እንደለበሰች ትቻት ወጣሁ። ወደ በሩ ስሄድ «ቢንቲ» ብላ ጠራችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። አልዞርኩም።

ከአራት ቀን በኋላ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ለጀርባሽ የሚሆን ትራስ ገዝቼልሽ ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ይጨማደዳል ብዬ ታቅፌው መጣሁ። ትዕግሥት አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ። እማዬስ ስላት ጠበል ገብታለች አለችኝ። ሮቤ ስንደርስ አባዬ በር ላይ አቀፈኝና ረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም፤ ናፍቆት መስሎኝ እኔም አጥብቄ ያዝኩት። አበሉኝ፣ አጠጡኝ፣ እግሬን አጠቡኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ እየሳቀ ሳመኝ። ትራስሽን አልጋሽ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ከኋላዋ ሌላ ሰው፣ ከሱ ኋላ ሌላ። ነጠላቸውን ሳይ ገባኝ። እማዬ፣ ያለቀሱልኝን ሰዎች አላማም፣ አብረውኝ አነቡ። ግን የነሱ ሐዘን ካለፈ ቆይቷል፤ የመጡት የእኔን ለማጀብ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንዷ ሥራ እንደረፈደባት በጎረቤቷ ጆሮ ስታንሾካሹክ አየሁ። አልፈርድባትም፤ ሰው ስንት ጊዜ ይቀበራል። ብቻ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሐዘኔን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እንባውስ አልገደደኝም፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ነው የገደደኝ።

ያ ሁሉ ቁጣዬ ትዕግሥት ላይ ወደቀ። አራት ወር ሙሉ አላነጋገርኳትም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን በአባዬ በኩል ነበር የምናወራው፤ ጨው አቀብይኝ በላት እለዋለሁ፣ እሱም ምስኪኑ ዞሮ ጨው አቀብያት ይላታል፣ ጨውም ይመጣል። አንቺ ብትኖሪ ሁለታችንንም በጆሯችን ጎትተሽ ታስታርቂን ነበር። እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅበትም፤ ማሽን እንጂ ሰው መጠገን አልተማረም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ገበያ ወጥታ ሳለች ጠራኝ። ልጅቷን ተያት አለኝ። የምትልኪውን ድምፅ ሁሉ ምን ታደርገው እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አላውቅም ነበር። በየጊዜው መልእክት ሲመጣ ስልኩን ይዛ መኝታ ክፍልሽ ትገባለች። ባዶው አልጋሽ ላይ ታስቀምጠዋለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው ታሰማለች፣ ራስጌው ላይ ቁጭ ብላ። ከዚያ ወጥታ እማዬ ሰምታሻለች ብላ ትጽፍልኛለች። ውሸቷን ግማሽ እውነት ለማድረግ ነው፤ ሌላ መንገድ አላገኘችም። አባዬ ከሳሎን ሆኖ የእኔ ድምፅ ከዚያ ክፍል ሲወጣ በየጊዜው ይሰማ ነበር።

ሁለተኛውንም ነገር ያን ጊዜ ነገረኝ። አትንገሯት ያልሽው አንቺ ነሽ። ሕመሙ ሲበረታብሽ ሁለቱንም አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ብሞት ለመሠረት እንዳትነግሯት፣ እዚያ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብለሻል። አስምለሻቸዋል። ትዕግሥት እያለቀሰች ትጠራ፣ ትምጣና ትይሽ ብላ ለምናሽ ነበር፤ እምቢ አልሽ።

እማዬ፣ የዚያን ቀን ምን ያህል እንደተናደድኩብሽ ልንገርሽ። መቃብርሽ ሄጄ ድንጋዩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ተቀምጬ ተመለስኩ። ከእኔ ሐዘኔን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ። ቢነግሩኝ እመጣ ነበር ወይ? ሐጃን ማን ይይዛታል ብለው ፓስፖርቴን ይከለክሉኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እዚያው ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ በጊዜው ባለቅስልሽ ይሻለኝ ነበር። ጉሮሮሽን በማር አለስልሺው እያልኩ ከመኖር ይሻለኝ ነበር። ይህን በፊትሽ ባልለው አሁን ልበለው። ስለወደድሽኝ ነው፣ እሱም አይጠፋኝም። ግን ጎዳሽኝ።

በዚያ ምሽት ጨውን ራሴ ጠየቅኋት። ትዕግሥት ማንኪያውን ጥላ ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባዬ አጎንብሶ ምግቡን ቀጠለ፤ ጉርሻው ግን ከአፉ አልደረሰም።

ታርቀን የኖርንባት ጊዜ አጭር ናት። ዲፕሎማዋን ይዛ ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ የኖረች ልጅ ናት፤ ጎባ በሚኒባስ ሄዳ ትመዘገባለች፣ ሮቤ ተመልሳ ትጠብቃለች፣ የሚጠራት የለም። እኔ ስመጣ እሷ ለመሄድ ተዘጋጅታ ኖሯል። ፓስፖርቷን ብርድ ልብስ ሥር አገኘሁት። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ የሐጃን ነገር ነገርኳት፣ ከነጋ እስኪመሽ መቆሙን፣ በር የሚቆለፍባቸውን ልጆች፣ ስልክ የሚነጠቁትን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ግን አንቺ ለእማዬ እንዲህ አላልሽም» አለችኝ። «መልእክቶችሽን ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ። ደህና ነኝ ነው ያልሽው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሴትዮዋ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ፣ በረዶው ደስ ይላል ነው ያልሽው።»

አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ የጣፈጥኩትን ውሸት አንቺ አልሰማሽውም። ባዶ አልጋ ራስጌ ላይ ተቀምጣ የሰማችው እሷ ናት፤ አንድ በአንድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ። ልጅሽን አረብ አገር የላካት ደላላ አይደለም እማዬ። እኔ ነኝ።

የሄደች ዕለት መናኸሪያው ውስጥ፣ አንቺ ቆመሽበት ከነበረው ጥግ፣ ሁለት እጄን ይዛ አስማለችኝ። እኔ እንደዋሸሁሽ አንቺ እንዳትዋሺኝ፣ አባዬ ልቡ ደክሟል፣ የመጣው ቢመጣ ንገሪኝ አለች። በእማዬ አፅም ብዬ ማልኩላት። አባዬ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር፤ የራሱ ሞት ሲወራ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ የሻንጣዋን ገመድ ያጠብቃል። ይህ ከሆነ ገና ሦስት ወሩ ነው።

እንግዲህ ሁለት መሐላ ቤታችን ውስጥ አለ፤ አንቺ በሰው አገር ያለች ልጅ ብቻዋን ሞት አትስማ ብለሽ ያስማልሽውና እኔ በአፅምሽ የማልኩት። አንዱን ካልሰበርኩ ሌላውን አልጠብቅም።

የእድሩ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እኔ እንደምናደደው ቀላል ቢሆን እንዴት በወደድኩ። ሙሉ የምትባል የዶዶላ ልጅ አማን ውስጥ አለች፤ እኔ ሐጃ ቤት ሳለሁ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትሠራ ነበር። የእናቷን ሞት በስልክ ነው የሰማችው። አንድ የማታውቀው ዘመድ ደውሎ የምታውቅ መስሎት እግዚአብሔር ያጥናሽ አላት። ምጣድ ላይ ሽንኩርት ነበራት። እንግዶች ስለነበሩ ሽንኩርቱን ጨረሰች፣ ሩዙን አወጣች፣ ሰሃን አቀረበች። ስታጥብ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ነው ያለቀሰችው፣ ድምጿ እንዳይሰማ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቧንቧውን በጠብታ ብቻ ነበር የምትከፍተው። ይህን እያወቅሁ ነው ለእህቴ መርዶ ልነግር የምነሣው።

ማክሰኞ ዕለት ለእመቤቷ ደወልኩላት። አረብኛዬ አሁንም አልጠፋኝም። አባቷ ሞቷል፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ልቀቂያት፣ የአገሯ ሰዎች ዘንድ ሄዳ ትቀመጥ አልኳት። ሴትዮዋ ጨካኝ አይደለችም፤ አላህ ይማረው ብላ ድምጿ ራሱ ለሰለሰ። ግን አሁን አትንገሪያት አለችኝ። ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ሥራዋን እየለመደች ነው፣ ትደነግጣለች፣ ውሏ ሲያልቅ ስትመጣ ይነገራት፣ በኛም ዘንድ እንዲህ ነው ወጉ አለች። ከቤት ለመውጣት ደግሞ ገና አዲስ ናትና አይቻልም አለች። ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። የአማን እመቤትና የሮቤ እድር ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩ። ሁለቱም ያዝኑላታል፤ ሁለቱም የሚስማሙት ግን አታልቅስ በሚለው ላይ ነው።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ብቻ ናት ከነሱ የተለየ ነገር ያለችኝ። አባዬ የሞተ ዕለት ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት፤ «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ብላ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ ማለቷ ነው፣ ክንዴን ይዛ አብራኝ ቆመች። ትናንት ድንኳኑ ሲነሣ የትዕግሥትን ነገር ነገርኳት። «ዱአ ሂን ዶክሰን» አለችኝ፤ ሞትን አይደብቁም። ከዚያ ደግሞ ግን ሰው አጠገቧ ይኑር አለች። ይህንን ብቻ ተናግራ ወንበር ልታነሣ ሄደች።

ሰው አጠገቧ ይኑር። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳስብ አደርኩና ጠዋት ለሙሉ ደወልኩላት። ሙሉ አሁን ለብቻዋ ምድር ቤት ተከራይታ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች። ሐዘን የደረሰባት ልጅ ካለች ያቺው ክፍል ውስጥ ሰብስባ የምታስለቅስ እሷ ናት፤ ያ ሽንኩርት ያስተማራት ነው። ትዕግሥት ግን ወደሷ መሄድ አትችልም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚያ ሕንፃ የምትወጣው፤ አሥር ሰዓት ላይ ቆሻሻ ለመጣል። ገንዳው ከበሩ ሃያ እርምጃ ነው ብላ ነግራኝ ነበር፣ እያዘገመች ትሄደዋለች፣ ፀሐይ ለማየት።

ሙሉ ዛሬ ሄዳ አይታልኛለች። አንቺ የሠራሽላትን ግራጫ ሹራብ ለብሳ ትወጣለች ብዬ ምልክት ሰጥቻት ነበር፤ በሱ አወቀቻት። አልቀረበቻትም፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና አየቻት። ቀጥናለች አለችኝ፣ ግን ደህና ትራመዳለች።

እንግዲህ እማዬ ነገ የማደርገውን ስሚ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል። አላነሳም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓቷ እስኪያልቅ ትደውላለች፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አየዋለሁ። ይህን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ባነሳው አባዬን አገናኚኝ ትላለች፣ ያን ጊዜ ወይ እዋሻለሁ ወይ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ትሰማለች። አንድ ሰዓት ብቻ እዋሻታለሁ፤ ከዚያ አላልፍም። አሥር ሰዓት ሲሆን ሙሉና ሁለት የአገራችን ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገንዳው አጠገብ ይቆማሉ። ስታያቸው ይገባታል፣ እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ። ቃሉን ግን እነሱ አይናገሩም። ሙሉ ስልኳን ለእሷ ትሰጣታለች፣ የምነግራት እኔ ነኝ።

እመቤቷ ከሰገነት ታያት ይሆናል። ስለዘገየች ትቆጣት ይሆናል፣ ዓርብ ዓርብ የምትሰጣትን ስልክም ትነጥቃት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ሩብ ሰዓት ካገኘች እግዚአብሔር ይመስገን። የአባታችን መርዶ በቆሻሻ ገንዳ አጠገብ በሩብ ሰዓት ሊነገር ነው። እሱ ሙሉ ሰፈር አስለቅሶ የተቀበረ ሰው ነው። ልጁ የምታለቅስለት ግን የሰው አገር መንገድ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት ነው። ከዚህ የተሻለ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እንዳላገኘሁ ንገሪው፤ አሁን አንድ ላይ ናችሁ።

ብርድ በሆነ ጠዋት ጎባ የምትሠሪበት ትምህርት ቤት አብሬሽ ስሄድ በሚኒባሱ ውስጥ እጆቼን ብብትሽ ሥር ከትተሽ ታሞቂልኝ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የዲንሾ ተራራ ነፋስ ይገባል፣ አንቺም ሰው ሁሉ እየሰማ በሹፌሩ ላይ በኦሮምኛ ትቀልጂበታለሽ፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ያን ጊዜ ብርድ የሚባለው ነገር አንቺ እስካለሽ የማይመለከተኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን ነው ስለ አንቺ ይዤ የቀረሁት። ትዕዛዝሽን ነገ እሰብራለሁ፤ ያንን ብብት ግን እስከምሞት አልረሳውም፣ ለትዕግሥትም ስትመለስ እነግራታለሁ፣ እሷ ያን ጊዜ ገና አልተወለደችም። ከሞትኩም ደግሞ ሞቴ ወዲያው ለእሷ እንዲነገራት ለአዴ ፋጡማ አደራ ብያለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ለሞተ ሰው ድምፅ አይልክም።

ይቅር በይኝ፣ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ። ነገ ስልኩ መስመር ላይ ሆኜ ትዕግሥት ፌስታሉን ገንዳው ውስጥ ጥላ እጇን በቀሚሷ እስክትጠርግ ድረስ እጠብቃታለሁ። ከዚያ እነግራታለሁ።

ልጅሽ መሠረት